ጫማ ውስጥ የተደበቀ ሕመም
በዓይን የማይታይ የጤና ችግር ያለበትን የሥራ ባልደረባ እንዴት እንርዳው? ከወላይታ የምንማረው ብዙ ነው

ሰኞ ጠዋት ነው። ከጎንዎ ያለው ወንበር ዛሬም ባዶ ነው። ባልደረባዎ ባለፈው ወር ሁለት ቀን ቀርቶ ነበር፤ በዚህ ወር ደግሞ ይኸው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሲመለስ «ትንሽ አሞኝ ነበር» ከማለት ውጪ የሚናገረው የለም። ፊቱን ሲያዩት ጤነኛ ነው። ሥራ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ የሚስተካከለው የለም። በጠራራ ፀሐይ እንኳ ከወፍራም ሽፍን ጫማው አይለይም። አንድ ቀን ቤትዎ ቡና ጠርተውት፣ ምንጣፍ ስላለ እንግዶች ጫማቸውን በር ላይ ሲያወልቁ አየና «አስቸኳይ ጉዳይ ነበረኝ ለካ!» ብሎ ተመለሰ። ቢሮ ውስጥ «ሰኞን የሚፈራ»፣ «ኩራተኛ» የሚል ስም ከወጣለት ቆይቷል።

ይህን ሰው ለዚህ ጽሑፍ ስንል ያሰብነው ነው። ነገር ግን እርስዎ በሚሠሩበት ባንክ፣ ትምህርት ቤት፣ ሱቅ ወይም ሆቴል የእሱ ቢጤ የለም ብለው መማል ይችላሉ?

ነጭ በትር የያዘ ሰው ስናይ መንገድ እንለቃለን። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ በር እንከፍታለን። ይህ መልካም ልማዳችን ነው። ችግሩ ጉዳት ሁሉ ምልክቱን ይዞ የማይዞር መሆኑ ነው። የሚጥል በሽታ፣ የስኳር ሕመም፣ የመስማት አቅም መቀነስ፣ ድብርት፣ የማይለቅ የጀርባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱ አሉ። ሕመማቸው ስለማይታይ የሚጎዱት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ በሕመሙ፣ ሌላ ጊዜ «ምንም ሳይሆን ነው» በሚለው ሐሜት። በዚህ ወር ዕትማችን ከእነዚህ ሁሉ አንዱን፣ ጫማና ካልሲ የሚሸፍነውን የወላይታን የእግር ሕመም መርጠን ምን እንደሚያስተምረን እናያለን።

ቀዩ አፈር እና እግር

ወላይታ ሶዶን ያየ ሰው የዳሞታን ተራራና ቀዩን አፈር አይረሳም። እንሰቱን፣ ጎደሬውን፣ ስኳር ድንቹንና ዝንጅብሉን የሚያበቅለው ይኸው አፈር ነው። ከሶዶ ገበያ እስከ ቢጠና ገበያ ድረስ ሸክሙን ይዞ በባዶ እግሩ የሚጓዝ ሰው ማየት ለዘመናት ብርቅ አልነበረም።

ከእሳተ ገሞራ አለት የተገኘው እንዲህ ያለ ቀይ አፈር ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች አሉት። በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ ቅንጣቶቹ በቆዳ በኩል ገብተው፣ የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያስቆጣሉ፤ ቀስ በቀስም ይዘጓቸዋል። ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግር ማበጥ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ በአፍላነትና በወጣትነት ዕድሜ የሚጀምረው ይህ ሕመም ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ሕዝቡ «ዝሆኔ» ወይም «የዝሆን እግር» ይለዋል። መንስኤው አፈር መሆኑን አጥንተው ስሙን ያወጡለት ለዓመታት በኢትዮጵያ የሠሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው፤ ቃሉ ከግሪክኛ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉት የተገኘ ነው።

ሁለት ነገር በደንብ ይያዙልን። አንደኛ፣ ይህ ሕመም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በትንኝ አማካይነት ከሚተላለፈው ሌላው የዝሆኔ ዓይነትም ይለያል፤ ጀርም የለውም። ሁለተኛ፣ አንድ ዓይነት አፈር ከረገጡት ሰዎች መካከል የሚታመሙት ጥቂቶቹ ናቸው። ምክንያቱ በከፊል በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት አሳይቷል። በሌላ አነጋገር፣ የታመመው ሰው ቆሻሻ ስለሆነ ወይም ስለተረገመ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ሕመሙን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በኋላ በአገር አቀፍ ደረጃ በተሠራ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዚህ ሕመም እንደሚሠቃዩ ተገምቷል። በወላይታ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ደግሞ ከሕዝቡ 5.46 በመቶ የሚሆነው ሕመሙ እንዳለበት አመልክቷል። ከ20 ሰዎች አንድ ሰው ማለት ነው።

የጠፉት የሥራ ቀኖች

ሕመሙ ሁልጊዜ ፋታ የማይሰጥ አይደለም። ሰውየው ለሳምንታት ደህና ሆኖ ይሠራል። ከዚያ ባላሰበው ቀን እግሩ ይግላል፣ ይቀላል፣ ይጠዘጥዛል፤ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ይወጣል። ለቀናት ከአልጋ መነሳት ያቅተዋል። ይህ በዓመት ውስጥ በተደጋጋሚ ይመጣል። ረጅም መንገድ መሄድ፣ ቀኑን ሙሉ መቆም፣ ቆዳ ላይ የሚወጣ ቁስል ያባብሱታል። እንግዲህ ያ የሰኞ ባዶ ወንበር ትርጉሙ ይህ ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ በወላይታ የተካሄደ ጥናት ኪሳራውን በገንዘብ አስልቶታል። አንድ ታማሚ ከሥራ ቀኖቹ 45 በመቶ ያህሉን ያጣል። 1.5 ሚሊዮን ሰው በሚኖርበት በዚያ ዞን አጠቃላይ ኪሳራው በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚሆን ተሰልቷል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ጫማና ሳሙና ሊከላከሉት በሚችሉት ሕመም የጠፋ ነው።

ለምን ይደብቁታል?

«ታዲያ ለምን አይናገርም?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ያለው እኛ ጋ ነው።

በብዙ አካባቢ ሕመሙ እርግማን ነው ይባላል። እባብ ሲረግጡ የሚመጣ ነው የሚልም አለ። ይተላለፋል ብሎ ከታማሚ ጋር አንድ ወንበር ላይ የማይቀመጥ አለ። ልጃገረዷ በእሷ እግር ብቻ ሳይሆን በአጎቷ እግር ምክንያት ባል ታጣለች፤ «በዘራቸው አለ» ይባላልና። ስለዚህ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ላይ ይደብቃል። ትምህርት ቤት የጀመረ መደበቅ ሥራ ቦታም ይቀጥላል።

አለማወቁ ያልተማረው ሰው ብቻ እንዳይመስልዎ። በወላይታ ዞን በጤና ባለሙያዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕመሙ ተላላፊ ነው ብለው በስሕተት እንደሚያምኑ አሳይቷል። ነርሷ ከፈራችው፣ የቢሮ ባልደረባው ምን ሊል ይችላል? ሠራተኛውም ሒሳቡን አስልቶ ነው ዝም የሚለው። ቢናገር ሥራውን የሚያጣ ይመስለዋል፤ ዝም ቢል ግን «ሰነፍ» ከመባል አያልፍም። ከሁለቱ ስንፍናውን ይመርጣል።

ሶዶ ያሳየችን መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1998 በሶዶ ሞሲ ፉት የሚባል ድርጅት ሥራ ጀመረ። መሥራቹ በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት ያገለገሉት አሜሪካዊው ሐኪም ናታን ባርሎው ነበሩ። ድርጅቱ ያመጣው ሕክምና ውድ መድኃኒት የሚጠይቅ አይደለም። እግርን በየቀኑ በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ጥቂት ጀርም ገዳይ በተጨመረበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን መቀባት፣ እብጠቱ ከፍ ያለ ከሆነ በፋሻ መጠቅለል፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ንጹሕ ካልሲና ሽፍን ጫማ ማድረግ፤ በቃ ይኸው ነው። ቶሎ የተጀመረ እንደሆነ እብጠቱ ሊቀንስ ይችላል።

ይህ ጥቅም እንዳለው በጥናትም ታይቷል። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ታማሚዎች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ ሙከራ፣ የእግር እንክብካቤውን የጀመሩት ሰዎች በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሕመሙ ሲነሳባቸው፣ ገና ያልጀመሩት ላይ ግን 23.9 ጊዜ መነሳቱን አሳይቷል። በአንድ ሰው በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ መቀነስ ማለት ነው። እያንዳንዱ ጊዜ አልጋ ላይ የሚያውል እንደሆነ ሲያስቡት፣ ሳሙናና ውኃ ያተረፉት ቀን ቀላል አይደለም።

ከሶዶ ልምድ ለእኛ ርዕስ ትልቁ ትምህርት ግን ሌላ ነው። ታክመው የተሻላቸው ሰዎች በየሥፍራው ሌሎች ታማሚዎችን የሚረዱና የሚያስተምሩ ሠራተኞች ሆኑ። ሌሎቹ ጫማ መሥራት ተምረው ለታማሚዎች የሚሆን ጫማ ሠሩ፤ ያበጠ እግር ከሱቅ በተገዛ ተራ ጫማ አይገባምና። እዚያ የተጠየቀው ጥያቄ «ይህ ሰው ምን ጎደለው?» የሚል ብቻ አልነበረም። «ምን ቢመቻችለት ይሠራል?» የሚል ነበር። የዚህ ጽሑፍ መልእክትም ይኸው አንድ ጥያቄ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568 አለን። አዋጁ አካል ጉዳተኛ ብሎ የሚተረጉመው በአካል፣ በአእምሮ ወይም በስሜት ሕዋሳት ጉዳት የተነሳ፣ ከሚደርስበት ማኅበራዊ፣ ኢኮኖሚያዊና ባህላዊ መድልዎ ጋር ተያይዞ እኩል የሥራ ዕድል የሚያጣውን ሰው ነው። ልብ ይበሉ፤ ጉዳቱ በዓይን የሚታይ መሆን አለበት አይልም። ስለ ማመቻቸት ሲናገርም የሥራ መሣሪያን፣ የሥራውን ጠባይ፣ የሥራ ሰዓትንና የሥራ አካባቢን ማስተካከልን ይጨምራል። አሠሪው ከዚህ ነፃ የሚሆነው ማስተካከሉ ከድርጅቱ አቅም አንጻር ከባድ ችግር ወይም ወጪ የሚያስከትል ሲሆን ነው። አንድ ሳፋ፣ አንድ በርጩማና የ15 ደቂቃ እረፍት ከባድ ወጪ አይባሉም።

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ተቀብላ አጽድቃለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ፈቃዱ በተከታታይ ብቻ ሳይሆን በተለያየ ጊዜም ሊወሰድ ይችላል፤ ይህ መጣ ሄደት ለሚል ሕመም ትልቅ ነገር ነው። ሠራተኛው ግን የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ አለበት። የሚደብቅ ሰው ማስረጃ አያመጣም፤ ማስረጃ ያላመጣ ደግሞ «ያለ ፈቃድ የቀረ» ተብሎ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። መደበቁ የሚያስከፍለው ዋጋ እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል።

እርስዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

1. ኃላፊ ከሆኑ፣ ለብቻ ያነጋግሩት። በስብሰባ ላይ ወይም በሰው ፊት አይሁን። «በሽታህ ምንድን ነው?» ብለው አይጀምሩ። «ወንድሜ፣ ሥራህን እወደዋለሁ። አንዳንድ ቀን እንደምትቸገር አያለሁ። እዚህ ምን ቢስተካከል ይቀልልሃል?» ይበሉት። በዕድሜ የሚበልጥዎት ከሆነ «ጋሼ» ወይም «እትዬ» ብለው በአክብሮት ይጠይቁ። ዛሬ ባይነግርዎት ነገ ይነግርዎታል፤ በሩ ክፍት መሆኑን ካወቀ።

2. የነገረዎትን ይጠብቁ። ምሥጢሩን ለሰው ኃይል አስተዳደር ማሳወቅ ካስፈለገ እንኳ «ይህን ያህል ብናገር ይሻላል፣ ምን ትላለህ?» ብለው ያስፈቅዱት። አንዴ ከወጣ የሚመለስ ነገር አይደለም።

3. ትንንሹን ነገር ያመቻቹ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚሠራ ወንበር፣ ተቀምጦ ለሚሠራ እግር ማሳረፊያ በርጩማ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ውኃና ሳሙና፣ ጨርቁን የሚያሰጣበት ሰው የማያይበት ቦታ። የደንብ ልብስ ከሚሰጡት ጋር አንድ ዓይነት ጫማ ማስገደድ ካለ ይቅርለት። ሥራውን ከደጅ ወደ ውስጥ ማዛወርም ይቻላል።

4. በውጤቱ ይመዝኑት። ሕመሙ የተነሳበት ቀን ቀርቶ በሌላው ቀን ሥራውን ከጨረሰ፣ ቀርቷል ብለው ብቻ አይቁጠሩበት። ማን እንደሚተካው አስቀድመው ከራሱ ጋር ይነጋገሩ። ያልታሰበ መቅረት ቡድኑን ያውካል፤ የታሰበበት ግን ብዙም አይጎዳም።

5. ባልደረባ ከሆኑ፣ ሐሜቱን እርስዎ ጋ ያቁሙት። «ዛሬም ቀረ?» ሲባል «ምክንያት ይኖረዋል» ማለት ብቻ ይበቃል። ስለ ሕመሙ ማውራት የእርስዎ ድርሻ አይደለም።

6. ችግሩ የእርስዎ ከሆነ፣ ሁሉን ለሁሉም መናገር ግዴታ የለብዎትም። ከሚያምኑት አንድ ኃላፊ ይጀምሩ። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ቀርበው ማስረጃ ይያዙ። ከዚያ «ይህ ቢደረግልኝ ይህን መሥራት እችላለሁ» ብለው የሚፈልጉትን በግልጽ ይናገሩ።

ቤትዎም የሥራ ቦታ ነው

ከእኛ ብዙዎቻችን አሠሪዎች መሆናችንን እንዘነጋዋለን። ቤት ውስጥ የምታግዘን ልጅ፣ በር የሚጠብቀን ዘበኛ፣ ግቢ የሚያጸዳው ሰው የእኛ ሠራተኞች ናቸው። የቤት ውስጥ ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አትሸፈንም፤ ስለዚህ የእሷ ጉዳይ በእኛ ሕሊና ላይ የወደቀ ነው። ከገጠር የመጣች ልጅ እግሯን የምታሳክክ ወይም ማታ ላይ የእግሯ ጀርባ የሚያብጥ ከሆነ ሕመሙ ገና መጀመሩ ሊሆን ይችላል፤ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ለራስዎ ልጆች ጫማ ሲገዙ ለእሷም ይግዙ፤ ግቢ ስታጥብ የምታደርገው ቦቲ ጫማም ይኑራት። ልጆችዎም ሲያዩ ይማራሉ።

እግር ላይ የማይቀር ትምህርት

ከዚሁ ጥያቄ ተነስተን ሌሎቹን የተደበቁ ሕመሞችም ማየት እንችላለን። የሚጥል በሽታን ይውሰዱ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ ከ1,000 ሰዎች 5.2 የሚሆኑት ይህ ሕመም እንዳለባቸው ጽፈዋል። እዚህም «ይተላለፋል» የሚለው ፍርሃት አለ፤ አይተላለፍም። መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚወስድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንደማንም ይሠራል። የሚያስፈልገው መድኃኒቱን የሚውጥበት ሰዓት፣ በቂ እንቅልፍ የማይነፍገው የሥራ ፈረቃ፣ ከፍታ ላይ ወይም እሳት አጠገብ አለመመደብና ሲጥለው ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ባልደረባ ነው።

ሲጥለውስ ምን ይደረጋል? ክብሪት አያሽትቱት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጨርቅ አይክተቱ። እጅ እግሩን ጥርቅም አድርገው አይያዙት። በዙሪያው ያለውን ስለታምና ጠንካራ ነገር ያንሱ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርጉ፣ ሲረጋጋ በጎኑ ያስተኙትና ሰዓት ይመልከቱ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ሲነቃ ሰው ከቦት እንዳያፍር ተመልካቹን ይበትኑ። ይህን በቢሮዎ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ቢያውቅ ለሠራተኛው ትልቅ ዋስትና ነው።

የስኳር ሕመም ላለባት ባልደረባዎ ስብሰባው ምሳ ሰዓትን እንዳያልፍ ማድረግ፣ ጆሮው ለደከመው ፊት ለፊቱ ሆኖ ቀስ ብሎ መናገር፣ ድብርት ለያዘው ወደ ሐኪም የሚሄድበትን ሰዓት ያለ ጭቅጭቅ መፍቀድ፣ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ናቸው። የሚያስወጡት ገንዘብ ጥቂት ነው። የሚጠይቁት ትዕግሥትና ዝም ማለት ሲያስፈልግ ዝም ማለት ነው።

አሁን ወደዚያ የሰኞ ወንበር እንመለስ። ነገ ባልደረባዎ ሲመጣ «የት ጠፋህ?» አይበሉት። «እንኳን መጣህ፤ ያንን ሥራ እስከዚህ ድረስ ይዤልሃለሁ» ይበሉት። ሌላ ቀን ደግሞ ቡና ይጥሩት። በር ላይ ሲደርስና ዓይኑ ወደ ጫማው ሲሄድ፣ ቤተሰብዎ እየሰማ «ጫማህን አታውልቅ፣ እንዲሁ ግባ» ይበሉት። ምንጣፉ ይታጠባል።